ከትራሱ በላይ የተወጠረው ሻል

ማህታ የሞተችው በረንዳዋ ላይ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ እንደተቀመጠች፣ የገዛ ትራሷ ፊቷ ላይ ተጭኖ ነው። ከበላይዋ፣ በር በሚያህል፣ ላይኛው ጫፉ ወደ እሷ ባዘነበለ የእንጨት መወጠሪያ ላይ፣ ታጥቦ የተወጠረ ነጭ የዳንቴል ሻል ነበር። በሃፕሳሉ ከተማ በበጋ እንዲህ ያለ መወጠሪያ የማይቆምበት በረንዳ የለም፤ በባሕር ጭቃ ሊታከም የመጣ እንግዳ ባይድንም ሻል ይገዛል። በዚህኛው ላይ ወረቀት ተንጠልጥሏል፦ «የማህታ ንድፍ፤ ለታሊን ኤግዚቢሽን።»

የከተማው ፖሊሶች የእህቷን ልጅ ሩዲን ወዲያው ያዙት። «ቤቱን ሽጪ» እያለ ሲጮህባት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። በአሥር ሰዓቱ ባቡር ወደ ወህኒ ሊሄድ ነው።

መርማሪው ቪለም ሬሄ ትራሱን አገላብጦ አየ። የውሃ ጠብታ በተርታ አርፎበታል።

«ዶክተር፣ እጇን ምን ሆና ነበር?» ሲል ያክማት የነበረውን ሐኪም ጠየቀ።

«ሁለቱንም ትከሻዋን ያማት ነበር። ሦስት ሳምንት በትኩስ ጭቃ ጠቀለልኳት። እጇ ከደረቷ በላይ አይነሣም ነበር።»

«ጭቃው አይሠራም ማለት ነው?»

«ለእንግዶች ይሠራል» አለ ዶክተሩ።

ሬሄ የማህታ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ወደሆነችው ጎረቤቷ ዞረ። «እትዬ ሳልሜ፣ ዛሬ መጥተው ነበር?»

«ጠዋት ብቅ ብዬ ነበር። ሻሉ ገና ገበቴ ውስጥ ነበር። እሷም ደህና ነበረች፤ ስትሰድበኝ ነበር።»

«ንድፉ የማን ነው?»

«ወረቀቱ የማህታ ነው ይላል።»

«ወረቀቱን አልጠየቅሁም።»

ሳልሜ ዓይኗን ወደ ሻሉ መለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰባቸው።

«ማህታ የታችኛውን ጠርዝ ወጠረች። ላይኛው አይደርስላትም። ትራሱን ያረጠበው ግን ከላይኛው ጠርዝ የተንጠባጠበ ውሃ ነው። ስለዚህ ላዩ የተወጠረው ትራሱ ፊቷ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። የገደላት ሰው ገድሎ አልሸሸም፤ ቆሞ ሻል ወጠረ።»

«እኔ የራሴን ካልሲ እንኳ አላሰጣም!» አለ ሩዲ።

«አውቃለሁ። ላይኛው ጠርዝ ላይ ስልሳ ሁለት ሹል የዳንቴል ጥርስ አለ። አንድም ሳይዘለል እያንዳንዱ ሚስማሩ ላይ ገብቷል። ይህን ሳይጨርስ መሄድ የማይችል ሰው እዚህ መሃል የንድፉ እውነተኛ ባለቤት ብቻ ነው።»

ሁሉም ሳልሜን አዩ።

«እርጥቡን ብተወው ተጣሞ ይደርቅ ነበር» አለች። «ንድፉን ለማውጣት ሰባት ክረምት ፈጅቶብኛል። በስሟ ልትልከው ነበር። ‹አንቺን ማን ያውቅሻል?› አለችኝ፤ ያውም ላዩን እንድወጥርላት ጠርታኝ።»

የሩዲን እጅ ፈቱለት። «እንግዲህ ቤቱ የኔ ነው?» አለ።

«ደርቋል፤ ላውርደው» አለች ሳልሜ። ሬሄ ፈቀደላት። ስልሳ ሁለቱንም አንድ በአንድ አወጣች፣ አጠፈችው፣ ለፖሊሱ ሰጠችው። ፖሊሱ ወረቀቱን አየና መዝገቡ ላይ ጻፈ። ሳልሜ ከትከሻው በላይ አነበበች፦

«የማህታ ሻል፤ አንድ።»