የዛቪድ ቀይ ቆብ

ዛቪድ በረዶው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ቀረ።

የቅበላ ሳምንት ቅዳሜ ነው። የኖቭጎሮድ የሁለቱ ዳርቻ ጎረምሶች እንደ ወጉ በረዶ የሆነው ቮልሆቭ ወንዝ ላይ ወጡ፤ ተቃቀፉ፣ ተሳሳሙ፣ ከዚያ ረድፍ ለረድፍ ቆመው በቡጢ ተቀጣቀጡ። የወደቀ ይነሳል፣ ይስቃል፣ ጥርሱን ይለቅማል። ዛቪድ ግን አልተነሳም። የምዕራቡ ዳርቻ አለቃ ነበር። የአለቅነቱ ቀይ ቆብ እንኳ ከራሱ አልወለቀም።

አጠገቡ አንድ የላም ቁርጭምጭሚት አጥንት ተገኘ። ውስጡ ተቦርቡሮ እርሳስ ቀልጦ ተሞልቶበታል፤ ጎኑ ላይ እርሳሱ እንደ መስቀል ጎልቶ ወጥቷል።

ያንን አጥንት የማያውቀው አራስ ልጅ ብቻ ነው። የምሥራቁ ዳርቻ ኔዣታ በአጥንት ውርወራ ጨዋታ ከተማውን ሁሉ ያስለቀሰበት ነው።

"ጓንቱ ውስጥ ደብቆ መታው!" ብሎ አንዱ ጮኸ።

በቡጢ ጨዋታ ከዚህ የከፋ ነውር የለም። ኔዣታ ደግሞ ሐሙስ ዕለት ከዛቪድ ጋር ተጣልቶ "በረዶ ላይ አነጥፍሃለሁ" ሲል ሰው ሁሉ ሰምቷል። የፊጥኝ ታሰረ። ሹሙ ዶማዢር ወዲያው ፈረደ፦ ነገ እሑድ፣ ጾም የሚያስገባው የማታ ደወል ሳይደወል፣ በረዶው ተፈንቅሎ ከድልድዩ ላይ ወደ ወንዙ ይወርወር።

የኔዣታ ታላቅ ወንድም ራድኮ ይባላል። ድብ እያስጨፈረ የሚኖር አዝማሪ ነው። ሹሙ እግር ላይ ወደቀ።

"ጌታዬ፣ ወንድሜ ሰው አልገደለም።"

"ዓሣ ውጦኝ ሆዱ ውስጥ ከበሮ ስመታ ከረምኩ ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

"ያ ዓሣ ትልቅ ነበር ጌታዬ።"

"ድቤ ዳዊት ይደግማል ብለህ ገበያውን የሰበሰብከውስ?"

"እሱስ ረስቶት ነው እንጂ…"

"ውጣ!"

ራድኮ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ ኖሮ፣ እውነት የያዘ ቀን የሚያምነው አጣ። ጥርሱን ነከሰ። እንግዲያው በቃል ሳይሆን በዓይናቸው አሳያቸዋለሁ አለ።

መጀመሪያ ወደ እስር ቤት ሄደ።

"አጥንትህ መቼ ጠፋ?"

"ሐሙስ፣ ጨዋታው ሲያልቅ። ከሁለቱም ዳርቻ ሰው ነበር።"

"ቡጢው ላይ ከዛቪድ ፊት የቆመውስ ማን ነው?"

"ፑትሻ። እኔማ ጫፍ ላይ ነበርኩ። ረድፉ ሲሰበር ግን ሁሉም ተደበላለቀ፤ ማን ያምነኛል?"

"እኔ አምንሃለሁ።"

"አንተንስ ማን ያምንሃል?" አለ ኔዣታ።

ፑትሻ የበሬ ትከሻ ያለው አንጥረኛ ነው። ራድኮ ሲደርስ የቅበላው ቂጣ፣ ብሊኒው፣ ፊቱ ቀዝቅዞ፣ እንደ ሕፃን ይነፋረቃል።

"እኔ ነኝ የገደልኩት!"

"የቱ ጋ መታኸው?"

"አገጩን። እንደ ግንድ ወደቀ!"

"በየት በኩል ወደቀ?"

ፑትሻ ልቅሶውን አቆመ። "ወደ እኔ። በግንባሩ።"

"አገጩን የተመታ ሰው ወደ መቺው ይወድቃል እንዴ? ይልቅ ብሊኒህን ብላ፤ ነገ ማታ ጾም ይገባል።"

የዛቪድ እናት ሚሉሻ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"ልትቀልድ ከሆነ የመጣኸው፣ ራድኮ…"

"ዛሬስ አልቀልድም፣ እማማ።"

ሬሳውን ቀረብ ብሎ አየ። አገጩ ትንሽ አብጧል። የራስ ቅሉ ግን በኋላ በኩል፣ ከጆሮው ሥር ደቅቋል። በረድፍ ለቆመ ሰው ጠላቱ ከፊቱ ነው። ከኋላው የሚቆመው የገዛ ወገኑ ነው።

ቀዩን ቆብ አነሳው። እንዲህ ያለው ቆብ ቡጢ እንዲያበርድ ዙሪያውን ቃጫ ይጠቀጠቅበታል። የዚህ ግን ፊቱ እንደ ትራስ ወፍሯል፣ ኋላው ባዶ ጨርቅ ነው። እዚያው ላይ ያለው ስፌት ደግሞ አዲስ ነው።

"ማን ነው የሰፋው፣ እማማ?"

"እኔስ አልነካሁትም። ቆቡ የድሮው አለቃ ቤት ይከርማል። በቀኑ እሱ ራሱ ለአዲሱ ይደፋለታል፤ ከኋላውም ይቆምለታል። ወጉ ነው።"

"የድሮው አለቃ…"

"ስታኒላ" አለች። ካለች በኋላ አግዳሚው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ራድኮ ቆቡን ይዞ ከደጅ ሲወጣ አንድ ቁርጭምጭሚት ጓንቱ ውስጥ ከትቶ የበሩን መቃን ነረተው። ጩኸቱ ከወንዙ ማዶ ተሰማ ይባላል፤ ያለውም ራሱ ነው። መዳፉን ሲያይ ግን ሳቀ። የአጥንቱ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ታትሟል።

እሑድ አደባባዩ በሰው ተሞላ። የይቅርታ እሑድ ነው። ሰው ሁሉ ጓንቱን አውልቆ ለባልንጀራው መሬት ድረስ ይጎነበሳል። "ስለ ክርስቶስ ይቅር በለኝ" ይላል። መልሱ ሁለት ግማሽ ነው፦ "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ።" እጅን ሸፍኖ ይቅር መባባል ፊት ላይ እንደ መትፋት ነው።

ራድኮ ድቡን እየጎተተ መጣ። ወንድሙ ታስሮ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሟል። አዝማሪው ለዓሣ አጥማጁ ጎነበሰ፣ ለጋጋሪዋ ጎነበሰ፤ ድቡም አብሮት ይጎነበሳል፤ ሕዝቡ ይንከተከታል። ስታኒላ ፊት ደረሰ።

"ጋሼ ስታኒላ፣ አምና ሆድህን ከበሮ ነው ብዬ ዘፍኜብሃለሁ። ይቅር በለኝ።"

"እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ። ሂድ።" ግራ እጁን ሰጠው።

"ቀኝህንስ?"

"ብርድ መትቶታል።"

"ልስመው ነው እንጂ ልበላው አይደለም እኮ!"

ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። የስታኒላ ሚስት ክርኑን ጎሰም አደረገችው። "አውልቀው እንጂ፣ ሰው ምን ይላል?"

"ዝም በይ!"

ራድኮ አፏጨ።

እንግዲህ ያ ድብ ዳዊት ባይደግምም አንድ ሙያ ነበረው፤ ገበያ ላይ የባለጠጋ ቆብና ጓንት እየመነተፈ ሰው ያስቃል። አሁንም የስታኒላን ጓንት ጫፉን ነክሶ አንዴ ሳብ አደረገው። መዳፉ ጠቁሮ አብጧል። መሐሉ ላይ የቁርጭምጭሚት ቅርጽ፣ በቅርጹ ላይ መስቀል።

የሳቀ የለም።

ዶማዢር የተገኘውን አጥንት ከቀበቶው አውጥቶ የስታኒላ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። ልክክ አለ። ራድኮ ቆቡን ገልብጦ ባዶውን ኋላ አሳየው።

"ለምን?" አለ ሹሙ።

ስታኒላ በረዶውን አየ።

"ያንን ቆብ ጠጉሬ እስኪሸብት ደፍቼዋለሁ። ዘንድሮ ለዚህ ለጋ ልጅ እያጨበጨቡ ሰጡት። በገዛ እጄ እንድደፋለት! ስደፋለት ምን አለኝ? 'ጋሼ፣ አንተ ከኋላዬ ካለህ ስለ ጀርባዬ አላስብም' አለኝ። እንዲወድቅ ነበር የፈለግሁት። ወድቆ እንዲሳቅበት ብቻ። ሐሙስ የሰረቅኩትን አጥንት የጣልኩት እናንተ ሌላ ሰው እንድታስቡ ነው።"

የኔዣታ ገመድ ተቆረጠ።

"ድቡን ልስመው?" አለ እንባውን እየጠረገ።

"ሳመው፤ ጓንትህን ግን ጠብቅ።"

ሕዝቡ መንገድ ከፈተ። ሚሉሻ መጣች። ስታኒላ ተንበረከከ፤ ያንን የጠቆረ እጁን በረዶው ላይ አኖረ።

"ስለ ክርስቶስ ይቅር በዪኝ፣ እማማ።"

አሮጊቷ ያንን እጅ አየች።

"እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ" አለች።

ሁሉም ሌላኛውን ግማሽ ጠበቀ። እሷ ቀዩን ቆብ ከራድኮ እጅ ተቀብላ፣ በጉያዋ ሸጉጣ፣ ፊቷን አዙራ ሄደች።

ደወሉ ተደወለ። በጾም ሰው ከድልድይ አይወረወርም። ስታኒላ እስከ ፋሲካ እስር ቤት ተቀምጦ፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሚሉሻ ያችን የቀረች ግማሽ ይዛለት የመጣች እየመሰለው ከረመ።