የጎደለው ሰባ ሊትር

የጨርቅ ማቅለሚያው ባለቤት ሬሳ ከውሃ ገንዳው ሲወጣ ሚስቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማ ነበር። ሽማግሌው ቀለም በጥባጭ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ፎርማኑ ብቻ «በዚህ ያዙ፣ በዚያ ያዙ» እያለ ያዝዛል። በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር ሁለቱም ይሸማቀቃሉ።

መርማሪዋ ሬሳው ከመነሳቱ በፊት ቧንቧውን አዘግታለች። አሁን መሰላሉ ላይ ወጥታ ሜትሯን ወደ ገንዳው ሰደደች። በገንዳው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ቀይ መስመር አለ፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ተንሳፋፊው ኳስ ራሱ ቧንቧውን ይዘጋዋል።

«ውሃውን የለቀቀው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ፎርማኑ። «ሦስት ሰዓት ላይ ባዶ መሆኑን አይቼ ለቀቅኩት። ክዳኑን ቆለፍኩ፤ ቁልፉም ከኪሴ አልወጣም። አምስት ሰዓት ላይ መስመሩ ድረስ ሞልቶ ሲቆም ከፈትኩት፤ ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልተቀዳበትም። ጋሼ ሊለኩ ወጥተው ሳይወድቁ አልቀሩም።»

ሽማግሌውን ለብቻ ወሰደችው። «አባባ፣ ሟቹን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ጠዋት፣ ብሩሽ ይዞ ገንዳውን ሊፈገፍግ ሲሄድ።» «ትናንት ፎርማኑን ‹የቀለሙን ፍሳሽ የሰፈሩ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ትለቃለህ፤ ነገ አመለክታለሁ› ሲለው ሰምቻለሁ። ልጄ፣ እኔ ነገርኩሽ እንዳትይ።»

ሚስትየዋን ብትጠይቃት ቧንቧው ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች።

መርማሪዋ ሦስቱንም ገንዳው ሥር ሰበሰበች።

«ገንዳው ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሃያ ሊትር ይይዛል ማለት ነው። ውሃው አሁን ከቀዩ መስመር ሦስት ሴንቲ ተኩል ዝቅ ብሏል፤ ሰባ ሊትር ጎድሏል። የሟቹ ገላም የሚይዘው ቦታ ያንኑ ያህል ነው።»

«ሬሳ ሲወጣ ውሃ ቢጎድል ምን ይገርማል?» አለ ፎርማኑ።

«ከሞላ በኋላ ወድቆ ቢሆን ውሃውን ከመስመሩ በላይ ያነሳው ነበር፤ ሲወጣ ተመልሶ መስመሩ ላይ ይቆማል። ዝቅ ያለው፣ ኳሱ ውሃውን የዘጋው ሰውየው ውስጥ እያለ ስለሆነ ነው። ውሃው ሲሞላ ደግሞ፣ አንተው እንዳልከው፣ ክዳኑ ተቆልፎ ነበር፤ ማንም ሊገባ አይችልም ነበር። ቁልፉ አንተ ኪስ ነበር። ገንዳው ባዶ አልነበረም፤ እያየኸው ነው የቆለፍክበት።»

ፎርማኑ ወደ በሩ ዞረ። ሁለት ፖሊሶች ቆመውበታል።

ያኔ ሚስትየዋ አፏን ከፈተች።

«ባሌ ከውስጥ ሲያንኳኳ ሰምቼዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ፎርማኑን ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ቧንቧው ውስጥ አየር ገብቶ ነው፣ እትዬ› አለኝ። አምኜው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።»