የመንሽ ቀንድ

«ዳርሲ፣ አሁንም እንዳኮረፍሽ ነሽ? አቦ ተይው!» አለ ኮልተን፣ ትልቁን የአጋዘን ቀንድ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ።

ዳርሲ እጇን ጃኬቷ ኪስ ከትታ ፎቶግራፉን ነካ አደረገችው፤ እዚያው ነው።

የእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ በሰው ተጨናንቋል። እዚህ ዊስኮንሲን ውስጥ ኅዳር ላይ ያደነ ሁሉ ቀንዱን ይዞ የሚመጣው በጥር መጨረሻ ነው፤ ስልሳ ቀን ያልደረቀ ቀንድ ለመዝገብ አይለካም። ዳርሲም ስልሳውን ቀን ቂሟን ይዛ ጠበቀች።

አጋዘኑን መንሽ ብላ ስም ያወጣችለት እሷ ነበረች፤ የግራ ቀንዱ ጫፍ እንደ እህል መንሽ ለሁለት ስለተከፈለ። ሦስት ዓመት ተከታትላዋለች። በየዓመቱ የሚጥለውን ቀንድ በረዶ ውስጥ እየፈለገች አልጋዋ ሥር አኑራለች። የት እንደሚተኛ የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለልብ ጓደኛዋ ለኮልተን። እሱም የአደን ወቅቱ ቅዳሜ ሊከፈት፣ ገና ሳይፈቀድ፣ ዓርብ ሄዶ ገደለው። በማግስቱ «ዛሬ ጣልኩት!» ብሎ ፎቶውን ለመንደሩ ሁሉ በተነ። «ዓርብ ነው የገደልከው፤ ተኩሱን ሰምቻለሁ» ስትለው ደግሞ የክፍል ጓደኞቻቸው ፊት ሳቀባት።

«ተቀድማ እኮ ነው! ሶፍት ስጧት!» አላቸው።

ዛፍ ላይ አስራ የረሳቻትን፣ የሚያልፈውን ሁሉ በራሷ የምታነሳ ካሜራ ያወረደችው ከሳምንት በኋላ ነው። አንዱ ፎቶ ላይ ኮልተን መንሽን በቀንዱ ይዞ ሲጎትት ይታያል። ከሥሩ ቀኑ ተጽፏል፤ ዓርብ።

«ዛሬውኑ ለዱር እንስሳት ጠባቂው ስጪው» አላት አባቷ። «ካልሆነም ለራሱ ለኮልተን ንገሪው። ነገሩ ሳይገፋ ቀንዱን ይተው።»

«እሺ አባዬ» አለች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከልኬቱ በኋላ አዳኙ በገዛ እጁ እንደሚፈርም ታውቃለች፤ የምትጠብቀው ያን ፊርማ ነበር።

ለኪው ሚስተር ኦስትቢ በቀጭኑ ሜትር እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ለኩ። ደመሩ፤ እንደገና ደመሩ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሁለት መቶ አንድ ኢንች! የአውራጃችን ሪከርድ ተሰበረ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የኮልተን አያት እንባቸውን በኮፍያቸው ጠረጉ። ዳርሲ ሽማግሌውን ላለማየት ፊቷን አዞረች።

«እዚህ ጋ ፈርም፤ በወቅቱና በሕጉ መሠረት አድኛለሁ ብለህ» አሉት ሚስተር ኦስትቢ።

ኮልተን እስክሪብቶውን አንስቶ ቆመ። ዓይኑ ዳርሲን ፈለገ። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሙን መንሽ ብዬ ላስመዘግበው ነው። ያወጣሽለት አንቺ ነሽ።»

ይህን አልጠበቀችም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «አትፈርም» ብትለው ቀንዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ አያቱም ምንም አይሰሙም። ከዚያ የክፍሉ ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣባት። መንሽም በቀንዱ ሲጎተት ታያት።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። «ፈርም።»

ፈረመ። ቀና አለና እንደ ድሮው ፈገግ አለላት።

ዳርሲ ፎቶውን ከኪሷ አውጥታ፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ፣ ከፊርማው አጠገብ አስቀመጠችው።