ባሉበት ይቆዩ

ያላመነ አይመን። እኔ ግን በራሴ ላይ የደረሰውን ነው የምነግራችሁ።

ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ተኩል። ቢሮ ነኝ። ወረርሽኙ በርትቷል፤ የሁላችንም ስልክ አጠገባችን ማን እንደዋለ ይመዘግባል። የተያዘ ሰው ሲገኝ መዝገቡን ከፍቶ ንክኪዎቹን መለየት የእኔ ሥራ ነው።

ባሌም ተይዞ መኝታ ቤት ለብቻው ተቀምጧል። እኔ ሳሎን አድራለሁ። ምግቡን ከአንድ ማንኪያ ጋር በሩ ሥር አስቀምጥለታለሁ።

ከሦስት ቀን ወዲህ ግን ሳህኑ የሚመለሰው በሁለት ማንኪያ ነው...

ደግሞ ይስቃል።

"ከማን ጋር ነህ?"

"አንቺ ደግሞ! ከማን ጋር እሆናለሁ?"

ቅናቴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ አልደብቅም። እንቅልፍ አጣሁ።

በመሥሪያ ቤታችን የዘመድ መዝገብ መክፈት ክልክል ነው። ለባልደረባ ነው የሚሰጠው። እኔ ግን ከፈትኩት።

አንድ ቁጥር... በየቀኑ፣ እኔ ከቤት ከወጣሁበት እስከምመለስበት፣ ከባሌ አንድ ሜትር አይርቅም።

ደሜ ፈላ። ማን አባቷ ናት? በገዛ አልጋዬ!

ስሟን እንኳ አላየሁም። "ባሉበት ይቆዩ፣ አሥራ አራት ቀን" የሚለውን ትዕዛዝ ላኩባት። ተቆጣጣሪዎች ሄደው ከነጉዷ እዚያው ያገኟታል ብዬ ነው። እሰይ! ትዋረድ!

መልሱ ወዲያው መጣ።

"እሺ። አልወጣም።"

ያኔ ነው ስሟን ያየሁት። ክው አልኩ።

የባሌ የመጀመሪያ ሚስት ናት። ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ሞታለች... መዝገቧን የዘጋሁት እኔው ነኝ። ባሌንም ያወቅሁት ያኔ "ትኩሳት አለዎት?" እያልኩ በየቀኑ ስደውልለት ነው።

ወዲያው ለባሌ ደወልኩለት።

"ከዚያ ክፍል ውጣ!" አልኩት በሹክሹክታ።

"እሷስ?" አለኝ እሱም በሹክሹክታ። "አትውጪ ብለሻታል እኮ..."

እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። መኝታ ቤቱን በርግጄ ገባሁ።

ማንም የለም። አልጋው ላይ ሁለት ትራስ ጎን ለጎን ተደርድሯል።

በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

ስልኬ ነዘረ። "ባሉበት ይቆዩ፣ አሥራ አራት ቀን።" ላኪው የእኔው የሠራተኛ ቁጥር ነው።

ሳሎን ውስጥ ባሌ ሳቀ። ሴትም ሳቀች...

ፍርሃቱን እርሱት። ያንገበገበኝ ሳቋ ነው።

ከዚያ በሩ ሥር ሳህን ሲቀመጥ ሰማሁ። ቀጥሎ ማንኪያ ቃጭ አለ።

አንድ ብቻ።