የ«ጫካው ሙሽራ» የመጨረሻ ዘፈን

ዘፋኟ ትንቢት ከቀረጻው አዳራሽ የጓሮ ደረጃ ሥር በጀርባዋ ወድቃ ስትገኝ የመቱ ከተማ ዝናብ ገና አላባራም ነበር። ኢንስፔክተር ዲበኩሉ አስከሬኑን አስነሥቶ መሬቱን በመዳፉ ዳሰሰ። ዙሪያው ጭቃ ነው፤ እሷ የተኛችበት አፈር ግን ደረቅ ነበር።

አጠገቧ ቆሞ «ትንቢት ኮ! የኔ ትንቢት!» እያለ ሲጮህ የተያዘው እጮኛዋ ጉቱ ነው። በዝናቡ መሐል ከጎሬ ሚኒባስ የወረደ ሰው ነበር።

«ነገ ክሱ ይቀርባል» አለ አለቃው ከቀብሩ በኋላ። «ልጅቱ ዘፍና ወጣች፤ ውጭ የጠበቃት እሱ ነው። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ዘፈኑን መስማት።»

ለቅሶ ቤት ሲደርስ ዘፈኑ ድንኳኑን ሞልቶታል። እናቲቱ እትዬ ፈትለወርቅ ልጃቸው በሞተችበት ቀን የተቀረጸውን ሙዚቃዊ ተውኔት፣ «የጫካው ሙሽራ»ን፣ ከጠዋት እስከ ማታ በስፒከር ያሰማሉ።

«ለቅሶ ነው ምረቃ?» ሲል አንዱ አንሾካሾከ።

ዲበኩሉ ከተውኔቱ አዘጋጅ አጠገብ ተቀመጠ። «ጋሼ ዮፍታሄ፣ የመጨረሻውን ስትዘፍን አይተዋታል?»

«የት አይቼ? እኔ ከግድግዳው ማዶ ነኝ፤ ድምፅዋን በማዳመጫ ነው የምሰማው። አጃቢዎቹ ጨርሰው ሄዱ። እሷ ነፋስ ልቀበል ብላ ወጣች፤ ቆይታ ተመለሰችና ዘፈነች።»

«አንቺስ ኑኃሚን?»

የሟች እህት ከአጃቢዎቹ አንዷ ናት። «ከሌሎቹ ጋር ወጣሁ። ቤት ስገባ ገና አልዘነበም።»

«ምን አልዘነበም ትላለች ይቺ!» አሉ እናቷ። «ቀሚስሽን ጨምቄ ያሰጣሁት እኔ አይደለሁም? ድሮም ልብ የለሽ!»

ኑኃሚን አቀረቀረች። ዲበኩሉ የመጨረሻውን ዘፈን አስከፈተ። ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ከድምፁ ጀርባ የሚንጣጣ ነገር ይሰማል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዝናቡ ነዋ፣ ቆርቆሮውን ሲመታ» አለ ዮፍታሄ። «ለሙሾው ተስማማ ብዬ ተውኩት።»

«ትንቢት የወደቀችው ደረቅ መሬት ላይ ነው» አለ ዲበኩሉ፣ ሁሉም እንዲሰማው ቀስ ብሎ። «ስለዚህ የሞተችው ሳይዘንብ ነው። ያኔ ጉቱ ገና መንገድ ላይ ነበር፤ ሹፌሩም ተሳፋሪውም መስክረዋል። ይህ ዘፈን ግን ከዳር እስከ ዳር ዝናብ አለበት። ሙት አይዘፍንም። ታዲያ ተመልሳ የገባችው ማን ናት? አዘጋጁንም እናትንም ያሳሳተ ድምፅ ያላት፣ ከዝናቡ ቀድሜ ቤት ገባሁ ብላ የበሰበሰች።»

ዲበኩሉ ወደ ጣቢያው ደውሎ «ጉቱን ፍቱት» አለ።

«ገፋኋት» አለች ኑኃሚን። አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች። «አንቺም ‹እህትሽ ዘፋኝ፣ አንቺ ጭብጨባ› ስትይኝ ኖርሽ። ይኸው ከቀብሩ ጀምሮ የምታደምጪው እኔን ነው። በእኔ ድምፅ ነው ያለቀስሽው፣ እማዬ።»

እትዬ ፈትለወርቅ እጃቸውን ዘርግተው ስፒከሩን አጠፉ።

«እኔማ ገርሞኝ» አሉ፣ ልጃቸውን ሳይሆን ለቀስተኛውን እያዩ፣ «እዚህ ዘፈን ላይ ሲደርስ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለኝ ለምንድን ነው እል ነበር።»