ትናንት እዚህ ቤት ማን አደረ?

ይህን የማወራችሁ ፈጠራ አይደለም... በገዛ እጄ የጻፍኩት፣ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነው። ያላመነ ይተወው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ህልም ነው ብዬ እገላገል ነበር።

ኩንቲ እባላለሁ። ሕንድ ውስጥ፣ ዶንግርታል የምትባል የኮረብታ መንደር አስተማሪ ነኝ። እኛ ጋ ሕዝብ ሲቆጠር የሚቆጥረው አስተማሪ ነው።

ያኔ መንደራችን መኪና አይገባም። አስፋልቱ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ይርቃል። የታመመ ሰው በገመድ አልጋ፣ በአራት ሰው ትከሻ ይወርዳል... አንዳንዱ ይደርሳል።

ቢርጆ አልደረሰችም።

ምጥ ይዟት ተሸክመናት ስንወርድ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። ጃንጥላ የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። ልጇን በሆዷ እንደያዘች ሞተች። አሁንም ስጽፈው ያስለቅሰኛል።

መንገድ ስጡን ብለን ስንለምን የመንግሥት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። "መጀመሪያ አምስት መቶ ሰው ሙሉ።"

የቆጠራው ዕለት የመጨረሻው ቤት ስደርስ አራት መቶ ዘጠና ሰባት ነበርን። እዚያ የቀሩት የቢርጆ አማት፣ እማማ ሱክዋሮ ብቻ ናቸው። ልጃቸው ሐዘኑን ሸሽቶ ከተማ ገብቷል።

ሊቀመንበሩ ቢሳሁ ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ አንሾካሾከ።

"ከሳቸው ጋር ሁለት ሰው ነው የሚጎድለን። ጨምሪበት!"

"አልዋሽም አጎቴ።"

"ወይ አስተማሪ! ቁጥር የተማርሽው ለመቀነስ ብቻ ነው?"

ትቼው ገባሁ። ደንቡ የሚያዘውን ጠየቅሁ።

"እማማ፣ ትናንት እዚህ ቤት ማን አደረ?"

"እኔና ምራቴ።"

ሐዘን ነው የሚያናግራቸው አልኩ።

ከዚያ ሳህኖቹን አየሁ...

ሁለት ናቸው። ሁለቱም አሁን ታጥበው ውሃቸው ይንጠባጠባል።

ጥግ ላይ የገመድ አልጋ አለ። ባዶ ነው። ግን ገመዱ መሃሉ ላይ ረግቧል... ሰው እንደተኛበት።

"ጻፊያ!" አለ ቢሳሁ ከውጭ።

ጻፍኩ። አምላክ ይቅር ይበለኝ። አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ።

"የሆዷንስ?" አሉኝ እማማ።

"ያልተወለደ አይቆጠርም።"

"ስም ካላትስ?"

ወደ አልጋው ዞሩ። ጎንበስ ብለው አዳመጡ...

"ሬዋ በያት ትልሻለች።"

ክው አልኩ።

ያንን ስም ቢርጆ በዚያ ዝናብ ውስጥ፣ ነፍሷ ልትወጣ ስትል በጆሮዬ ነግራኛለች። ለእኔ ብቻ። እኔም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አልጋው ሲጥ አለ...

አምስት መቶ ብዬ ጽፌ ሮጬ ወጣሁ።

መንገዱ በዓመቱ ተሠራ። የመጀመሪያው አውቶቡስ ሲገባ መንደሩ ጨፈረ። እኔ ግን አለቀስኩ። ምነው ያን ጊዜ በሆነ!

እማማ ሱክዋሮ የታጠበ ሳሪ ለብሰው ተሳፈሩ።

"ወዴት ነው እማማ?"

"ሆስፒታል። ምጧ መጥቷል።"

የሳቀ የለም። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሰው ቆሟል። እሳቸው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ግን የተቀመጠ አልነበረም።

አመሻሹ ላይ ብቻቸውን ተመለሱ።

"አደረስኳት" አሉኝ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። ተኙ... በዚያው አልተነሡም።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጠራ።

"ዶንግርታል ነው?" አለች ነርሷ። "የሱክዋሮ ምራት በሰላም ተገላግላለች። ሴት ልጅ ናት። ቤተሰብ የላቸውም እንዴ? መጥቶ የሚወስዳቸው ሰው እየጠበቁ ነው።"

ከጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል...

ይህን የምጽፍላችሁ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው። ጭኔ ላይ ብርድ ልብስ አለ። ትንሽ... ለሕፃን የሚሆን።