የአውሮፕላን ሜዳው ቃል ደጋሚ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ይዘጋ። ያቺንም ፋኖስ ዝቅ አድርጓት፤ ለዚህ ወሬ ብርሃን አይመቸውም።

ጊዜው ጀንበር ጠልቃ ሰው ከቁጥቋጦ የማይለይበት ሰዓት ነው። መንገዱ ከአውሮፕላን ሜዳው ወደ ከተማው የሚወስደው ቀጭን የእግር መንገድ ነው። ግራው ሣር፣ ቀኙ ሣር። ቤት የለም። የሚጮህ ውሻ እንኳ የለም። በዚህ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ስሙ ወንድይፍራው ነው። ወንድ ይፍራው ብለው ስም አወጡለት እንጂ እሱ ራሱ... እንግዲህ ታዩታላችሁ።

ሥራው ምን ነበር? የአውሮፕላን ተቆጣጣሪ ነበር። በሜዳው ዳር የእንጨት ማማ አለች፤ ሰብል የሚጠበቅባት ዓይነት፣ ትንሽ ከፍ ያለች። እዚያ ላይ ሬዲዮውን ይዞ ይቀመጣል። አንዱን አውሮፕላን «አንተ ከላይ ዙር» ይለዋል፤ ሌላውን «አንተ ዝቅ በል፣ እረፍ» ይለዋል። አንዱ አርፎ ሜዳውን ሳይለቅ ሌላው አይወርድም። ሰማዩ ሰፊ አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሰፊ ነው፤ ሜዳው ግን አንድ ነው።

ደግሞ ሕግ አላቸው። ተቆጣጣሪው የተናገረውን አብራሪው መልሶ ይደግማል። «ከላይ ዙር» ሲባል «ከላይ እዞራለሁ» ይላል። ተቆጣጣሪው ያዳምጥና ልክ ከሆነ «ትክክል» ይላል፤ ካልሆነ ያርማል። ለምን? አብራሪው ደመና ውስጥ ሆኖ ምን ያያል? ምንም! ያንን ቃል አምኖ ነው ያን ሁሉ ነፍስ ይዞ የሚወርደው።

የሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ከማማው አይታይም። እዚያ ከብት ይገባል። ከብቱን የሚያባርረው ዘበኛው ጋሽ ንጋቱ ነው። አባርሮ ሲጨርስ ከጎድጓዳው ብቅ ብሎ ነጭ ጨርቅ ያውለበልባል። ጨርቁ ታየ? ሜዳው ባዶ ነው። ጨርቁ አልታየም? ወንድይፍራው ከማማው ወርዶ፣ በእግሩ ሄዶ፣ አይቶ ይመጣል፤ እስከዚያ አውሮፕላኑ ከላይ ይዞራል።

አንድ የክረምት ቀን ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ሜዳው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አንድ አውሮፕላን መጣና ልረፍ አለ። ወንድይፍራው ቢጠብቅ ቢጠብቅ ጨርቅ የለም። መውረድ ነበረበት። ግን በዚያ ቀን ምን አድርጎ ነበር መሰላችሁ? አዲስ ጫማ! ቡናማ፣ ፊት የሚያሳይ ጫማ። ጭቃውን አየ። ጫማውን አየ። «ንጋቱ ረስቶት ነው» አለና ሬዲዮውን አነሳ።

«ሜዳው ባዶ ነው፤ እረፍ።»

«ሜዳው ባዶ ነው፤ አርፋለሁ» አለ አብራሪው።

«ትክክል።»

ጋሽ ንጋቱ ጎድጓዳው ውስጥ ነበር። ጭቃ የያዛትን አንዲት ጊደር ይገፋ ነበር። አውሮፕላኑ ገጭቶት አልፎ ቆመ፤ ተሳፋሪውም በደህና ወረደ። ጋሽ ንጋቱ ግን አልተነሳም።

ከበላይ መጥተው ሲጠይቁት ወንድይፍራው ምን አለ? «ጨርቁን አውለብልቦልኝ ነበር፤ ኋላ ተመልሶ ገባ። ሰክሮ ነበር» አለ። ሬሳ ምን ብሎ ይመልስለት? ጋሽ ንጋቱ እኮ መጠጥ ከተወ ቆይቷል፤ ለአቦ ተስሎ፣ በሚስቱ በእትዬ ስንዱ ፊት ምሎ ነው የተወው። እትዬ ስንዱ ይህን ስትሰማ እንባዋ ደረቀ። «መሐላውን አፍርሶ ሞተ» አለች። ተዝካሩንም አላወጣችለትም። ወንድይፍራውን ግን መንገድ ላይ ባየችው ቁጥር ጎንበስ ብላ «ባለቤቴ ላመጣብህ ጣጣ ይቅር በለን» ትለዋለች። ይቅር በለን! እሱን! ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። በእፍረት አንገቱን ይደፋል፤ ሲደፋ ደግሞ የሚያየው ያንኑ ጫማ ነው።

እንግዲህ ያን መጀመሪያ የነገርኳችሁ ምሽት በጎድጓዳው አጠገብ ሲያልፍ ለራሱ «ሊዘንብ ነው» አለ።

ከኋላው አንድ ድምፅ «ሊዘንብ ነው» አለ።

ዞረ። ማንም የለም። የገደል ማሚቶ ነው አለ። ሜዳ ላይ የገደል ማሚቶ አለ? እናንተ ንገሩኝ!

በማግስቱ አፉን ዘግቶ አለፈ። ድምፁ ግን ራሱ ጀመረ። «ሜዳው ባዶ ነው» አለና ዝም አለ። ያን ዝምታ ወንድይፍራው ያውቀዋል። አብራሪ ቃሉን ደግሞ ሲያበቃ፣ «ትክክል» እስኪባል የሚጠብቀው ዝምታ ነው። ሮጠ።

ከዚያ ድምፁ ማማው ላይ ወጣ። ሁለት አውሮፕላኖች ሰማይ ላይ ነበሩ። ወንድይፍራው አንዱን «ከላይ ዙር» አለው። «ከላይ እዞራለሁ» አለ አብራሪው። ወዲያው በዚያው ሬዲዮ፣ ጭቃ የጎረሰ በሚመስል ድምፅ፣ «ሰክሮ ነበር» አለው። ዝም። አብራሪውም ይጠብቃል፤ ያ ድምፅም ይጠብቃል። «ትክክል» ቢል ለማን ነው? ሁለቱ አውሮፕላኖች በደመናው ውስጥ በአንድ ቃል እጦት ሊላተሙ ነው! በስንት ጭንቅ «ከላይ ዙር... እሱ ትክክል» አለ። በየተራ በደህና አረፉ። እሱ ግን ገባው። ይህ ነገር ካልታረመ አንድ ቀን ሰው ይጨርሳል።

ያን ማታ ራሱ ወደ ጎድጓዳው ወረደ። ጭቃው ላይ ነጭ ጨርቅ ቆሟል። ጨርቁን የያዘ እጅ አለ። ከእጁ ወዲያ ምንም የለም።

«ሜዳው ባዶ ነው። ሰክሮ ነበር» አለው ድምፁ።

ወንድይፍራው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። «ስህተት ነው» አለ። «ጋሽ ንጋቱ፣ አርማለሁ። ጨርቅ አላየሁም። ሳላይ ነው እረፍ ያልኩት። አንተም አልሰከርክም። ለጫማዬ ብዬ ነው።»

ጨርቁ ወደቀ። ድምፁ ጠፋ። እፎይ ብሎ ሊነሳ ሲል፣ ከጀርባው፣ ጆሮው ሥር፦

«ጨርቅ አላየህም። አልሰከረም። ለጫማህ ብለህ ነው።»

የወንድ ድምፅ አልነበረም። ዞረ። እትዬ ስንዱ ናት። ጭራሮዋን እንደተሸከመች ወደ ቤቷ ስታልፍ ሁሉንም ሰምታለች። ያን ማታ ከመንፈሱ ያልሸሸው ሰው ከእሷ ሊሸሽ ፈለገ፤ ግን ቆመ። አልጮኸችም። አልሰደበችውም። ዝም ብላ ጠበቀች፤ ያንኑ ዝምታ።

«ትክክል» አላት።

«እንግዲያው ተዝካሩን አወጣለታለሁ፤ እዚያ ላይ ትደግምልኛለህ» አለችው።

ደገመው? ደገመው። የአገር ሰው በተሰበሰበበት፣ ባዶ እግሩን ቆሞ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ደገመው። ከዚያ ወዲያ ጫማ ሲያደርግ ያየው የለም።

እና ልጆቼ፣ በዚያ መንገድ ከመሸ ብቻችሁን አትሂዱ። በሉ አሁን መሽቷል፣ እንበተን።

እሽሽ! ከደጅ «እንበተን» ያለው ማነው? ሁላችንም እዚህ አይደለን?

ከመካከላችን ቃሉን ያላረመ ማነው?